መቶ ፍሬ ገብስ በቀጥታ ሥርጭት

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ደቂቃዋን የምጠቅሰው ለጌጥ አይደለም። ቀጠሯችን ለሦስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ የቀሩኝን ስምንት ደቂቃዎችም በሥርዓት ደልድያቸው ነበር፦ ሁለቱን ለጫማ፣ ሁለቱን ለባርኔጣና ለከዘራ፣ አራቱን መነጽሬን ካስቀመጥሁበት ለመፈለግ። አርፍዶ የሚመጣ ሰው ስለሚያደርሰው ጉዳት በአገራችን ብዙ ተብሏል፤ ቀድሞ የሚመጣ ሰው ስለሚያደርሰው ጥፋት ግን እስከ ዛሬ የጻፈ አላጋጠመኝም። ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ።

በሩን ያንኳኳችው ሐዊ ናት። ሐዊ የጎረቤታችን ልጅ ስትሆን፣ አሰላ ውስጥ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የአርሲን ንግድና የቴክኖሎጂ ፈጠራ የሚዘግብ የበይነ መረብ ጋዜጣ ታዘጋጃለች። ጋዜጣው ወረቀት የለውም፤ ማተሚያ ቤት የለውም፤ አዟሪ የለውም። አንባቢው በሙሉ የሚኖረው በስልኩ ውስጥ ነው።

እኔና ጋዜጣው የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ አስካለ በስልኳ ያሳየችኝን ዜና አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አሥራ ሰባት ገጽ አሳተምሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ አረምሁ፤ ሠላሳ አንድ ደረጃ ወጥቼም አስረከብሁ። ሐዊ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣

«ጋሼ፣ ይሄን እኮ አሁኑኑ በጣቴ ነክቼ ማስተካከል እችላለሁ» አለች።

«ሰው ካነበበው በኋላ?»

«አዎ፣ ችግር የለውም።»

«ያነበበውን ሰውስ? እሱንም በጣትሽ ነክተሽ ታስተካክይዋለሽ?»

ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ የጋዜጣው አራሚ አድርጋ ሾመችኝ። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ መስኮት አጠገብ አንድ ወንበር አለው። በዚያ ወንበር ላይ በተቀመጥሁባቸው ወራት ትልቁ ተጋድሎዬ «አብዮት» ከሚለው ቃል ጋር ነበር። የድንች ጥብስ ሻጯ በስልክ ክፍያ መቀበል ስትጀምር «በአሰላ የዲጂታል አብዮት» ብለው ይጽፋሉ፤ እኔ እሰርዛለሁ። የዶሮ መኖ ቀላቃዩ ሚዛን ሲገዛ «አብዮት» ይላሉ፤ እሰርዛለሁ። አብዮት ያየ ሰው በዚህ ቃል እንደማይቀልድ ላስረዳቸው ብሞክር፣ ልጆቹ በትዕግሥት ያዩኛል፤ አያት ስለ ቅዝቃዜ ሲያወራ እንደሚታይ።

አንድ ስሕተት ግን አመለጠችኝ። አንድ የድንች መቆፈሪያ ማሽን በሰዓት ይህን ያህል ይቆፍራል ብሎ ባለቤቱ የነገራቸውን፣ እንዳለ አወጡት። እኔ በኅዳጉ ላይ «ማን ለካው?» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያን ዕለት በፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት ስላልነበረ፣ ወረቀቱ ዘግይቶ ወጣልኝ፤ ጥያቄዬም ከዜናው ሁለት ቀን በኋላ ደረሰች። በመካከሉ የጢቾ ገበሬዎች ዜናውን አምነው፣ መኪና ተከራይተው መጥተው፣ ማሽኑ ከተባለው አንድ አሥረኛውን እንኳ እንደማይቆፍር በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሐዊ ምንም ብትጽፍ ከሥሩ «ማን ለካው?» የሚል አስተያየት ይከተላል። ጥያቄዬ በመጨረሻ አንባቢ አገኘች፤ ጠያቂው ግን እኔ አልሆንሁም።

ወደዚያ ማክሰኞ ልመለስ። በኢተያ፣ መንገድ ዳር፣ ጎሚስታ ሆኖ የሚኖር ቶሎሳ የሚባል ሰው የገብስ መውቂያ ሠርቶ ነበር። አርሲን የሚያውቅ ያውቃል፦ በሜዳው ላይ ኮምባይነር ይገባል፤ ተረተሩን ግን ኮምባይነር አይወጣውም፤ በዚያ ዛሬም በሬ ነው የሚያበራየው። የጢቾ ገበሬዎች ተረተር ላይ የቢራ ገብስ ያመርታሉ። የቢራ ገብስ ደግሞ ፍሬው ከተሰበረ ብቅል አይሆንም፤ ብቅል ካልሆነ ገዥው ይመልሰዋል። ስለዚህ ለቶሎሳ ማሽን ዋናው ጥያቄ ስንት ይወቃል ሳይሆን ስንት ይሰብራል ነው። የጢቾ ሰዎች ለሐዊ የላኩት መልእክት አጭር ነበር፦ «የሚቆጥር ሽማግሌ አቁሙ፤ ሲቆጥር በቀጥታ አሳዩን፤ ያኔ እንመጣለን።» ቶሎሳ በበኩሉ ጉልበቱ ከጎማ ጋር መታገል እምቢ ብሎት፣ ማሽኑን አሁን የሚፈልገው ካጣ ለአሮጌ ብረት ገዢው ቁራሌ ሊሰጠው ቆርጧል። ሐዊ ይህን ሁሉ በመንገድ ላይ ነገረችኝ። እኔም የፈተና ሰው ነኝና ኮራሁ። በወጣትነቴ ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ፣ አሰላ በነበረ የእርሻ መሣሪያ መፈተሻ ጣቢያ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በጣቢያው ደንብ፣ ከመቶ ፍሬ የተሰበረው አምስት ከሞላ መውቂያው ይወድቃል። አራት ከሆነ ያልፋል።

ኢተያ ደርሰን ማስታወሻ ደብተሬን ስከፍት፣ ከአሰላ ይዤ ያልመጣሁት ነገር ምን እንደ ሆነ ተረዳሁ። መስመሮቹ ጭጋግ ሆነው ታዩኝ። ለማንም አልተነፈስሁም። መቶ ፍሬ መቁጠር የጣት ሥራ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ የተማረ ሰው ራሱን ለማታለል ምክንያት አይቸግረውም።

ቶሎሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሩን በሽቦ ያሰረ ሰው ነው። እጄን ይዞ ብዙ አየኝና፣

«ጽሕፈትዎ ዛሬም ወደ ቀኝ ያዘነብላል?» አለኝ።

እንግዳ ጥያቄ ሆነብኝ። «ያዘነብላል» አልሁት። ራሱን ነቅንቆ ማሽኑን አስነሣ።

ማሽኑ ከአሮጌ የውኃ መሳቢያ ሞተርና ከመኪና ቸርኬ የተሠራ ነው። ነዶው በአፉ ሲገባ ውስጡ ያለው ከበሮ ይመታዋል፤ የከበሮው ጥርሶች ግን ብረት አይደሉም፤ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጡ ምላሶች ናቸው። ድምፁ ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚሰማው አይደለም፤ ብዙ ሰው በነጠላ ጫማ የሚሮጥ ይመስላል። በበርሜል ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉልኝ፤ ከተወቃው ገብስ ዘግኜ ተቀመጥሁ። ሐዊ ስልኳን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰክታ፣ «ጋሼ፣ ሥርጭቱ ጀምሯል» አለች። እኔም እሺ አልሁ። ቀጥታ ሥርጭት መሆኑን ሰምቻለሁ፤ የማይረባው ነገር ግን በኋላ የሚቆረጥ መስሎኝ ነበር። በእኛ ዘመን ሁሉም ነገር ይቆረጥ ነበር።

አርባ አንድ ላይ ስደርስ፣ ነጭ ፎጣ በራሳቸው ላይ የጠመጠሙ አባት ከመንገዱ ወደ እኔ ዞሩ። «አካም ቡልተኒ?»

በአርሲ ምድር የኖረ ሰው ይህ ጥያቄ በአንድ ቃል እንደማይመለስ ያውቃል። ሽማግሌ ሰላም ሲል ቁጭ ብለህ ጣትህን አንሥተህ «ቆይ» አትለውም። ተነሣሁ። እንዴት እንዳደርሁ ነገርኋቸው፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ የጠፋው ዝናብ፣ ያለ ጊዜው የመጣው ዝናብ፣ ሁሉም ተጠየቀ፤ ሁሉም ተመለሰ። ጨርሰን ስቀመጥ አርባ አንዱ ፍሬ በጨርቁ ላይ ነበር፤ አርባ አንድ መሆኑን ግን የሚመሰክር አልነበረም። ከአንድ ጀመርሁ።

ስልሳ ሦስት ላይ የሐዊ ሁለተኛ ስልክ ጮኸ። እጇ በማቆሚያው ተይዞ ስለ ነበር ድምፁን ከፍታ አነሣችው። የባለቤቴ የአስካለ ድምፅ በኢተያ አደባባይ ተሰማ።

«ሐዊዬ፣ ያ ሰውዬ መነጽሩን አልጋ ላይ ጥሎ ነው የሄደው! እኔ በስልክ እያየሁት ነው፤ የሚቆጥረውን አያየውም፤ ጠጠር ብታቀርቡለትም ይቆጥርላችኋል!»

«እትዬ፣ ሥርጭት ላይ ነን!» አለች ሐዊ።

«ይሁና! እሱ ነው እንጂ የሚያፍር እኔ ምን አፍራለሁ?»

ሐዊ በስልኩ ላይ የሚጎርፈውን አስተያየት በቀስታ አነበበችልኝ። ከጢቾ አንዱ፣ «ሽማግሌ አቁሙ አልን እንጂ ዓይነ ስውር አቁሙ አላልንም» ብሏል። ሌላዋ ከዴራ፣ «ተዉአቸው፣ አባቴን ይመስላሉ» ብላለች። የትኛው ይበልጥ እንደ ጎዳኝ እስከ ዛሬ አልወሰንሁም።

ቶሎሳ በሽቦ የታሰረውን መነጽሩን ከፊቱ አውልቆ ሰጠኝ። ለዓይኔ ልክ መጣ። ከዚያ ግን አዲስ መከራ ተከፈተ፤ በኢተያ ያለው ሥርጭቱን ያየ ሁሉ «እዚህ ነው እኮ ያሉት!» እያለ መምጣት ጀመረ። አንዱ አብሮኝ የሠራ ሰው ልጅ ነኝ ይላል፤ ሌላው ከአባቱ ጋር የተነሣሁት ፎቶ ቤቱ እንዳለ ይናገራል፤ አንዲት እናት «በሕይወት አሉ ለካ!» ብለው ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። ሰላም ያለኝን ሁሉ ሰላም አልሁ። ሰማንያ ስምንት ላይ ደርሼ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ጋር ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም፣ ከኋላዬ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ሰማሁ። ዘወር ስል የቶሎሳ ቤት ቀይ ዶሮ በበርሜሉ ላይ ቆማለች።

ጢቾ በስልኩ አስተያየት ላይ ተነሣ። «የበላችው ሰባራውን ነው! ዶሮዋ የባለቤቱ ናት!» አሉ። ሐዊ ፊቷ አመድ መሰለ። የድንች መቆፈሪያው ታሪክ በዓይኗ ውስጥ ሲመላለስ አየሁት።

«ጋሼ፣ አንዴ ደግመው ካልጨረሱልን ሰዎቹ ይዘጋሉ። እኔም ከዚህ በኋላ የሚያምነኝ የለም።»

መፍትሔውን ያገኘው ቶሎሳ ነው። ከሱቁ ፊት የፊት ጎማው የወለቀ ሚኒባስ በክሪክ ላይ ቆሟል፤ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ሻይ ይጠጣሉ። «በመስታወት ውስጥ ያለ ሰው ሰላም አይባልም» አለ። ሦስታችን፣ እኔ፣ ቶሎሳና ሐዊ ከነስልኳ፣ አዲስ የተዘገነ ገብስ ይዘን ገባንና መስታወቱን ዘጋን። ሾፌሩ ከውጭ፣ «አባቶቼ፣ እንዳትነቃነቁ! በክሪክ ላይ ናችሁ!» እያለ ይለምናል። በዙሪያችን ኢተያ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ያለ ድምፅ የሚሰጥ ሰላምታ ቁጥር አያስጠፋም፤ ይህንን ለመጪው ትውልድ እንደ ግኝት አስረክባለሁ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከአንድ እስከ መቶ ቆጠርሁ። ያልተሰበረ ዘጠና አምስት። የተሰበረ አራት። አንዲቱን ፍሬ ግን ከሁለቱም ክምር ልጨምራት አልቻልሁም። ጫፏ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ አለች፤ ስንጥቅ ትሁን፣ እድፍ ትሁን፣ ተፈጥሮዋ ይሁን፣ በቶሎሳ መነጽርም አልለየሁም። ከተሰበሩት ከቆጠርኋት አምስት ይሞላል፤ ማሽኑ ይወድቃል። ካልቆጠርኋት ያልፋል።

ፍሬዋን በጣቴ ደጋግሜ አገላበጥኋት። ቶሎሳ ይህን አየና፣ ከሸሚዙ የውስጥ ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ በጉልበቴ ላይ አኖረው። የወረቀቱ እጥፋት ቢጫ ሆኗል። ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ጽሕፈት። የእኔ ጽሕፈት። በ1970 ዓ.ም. የተጻፈ ነው፦ ከመቶ ፍሬ ዘጠኝ ተሰብሯል፤ አይሆንም። ፊርማ።

«ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር» አለ ቶሎሳ። «የመጀመሪያውን መውቂያዬን በአህያ ጋሪ ከዚህ አሰላ ድረስ ጭኜ አመጣሁልዎ። እርስዎ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ገብሱን ነበር የሚያዩት። ደስ አለኝ። ሌላው ሁሉ ፊቴን ያይና ያዝንልኝ ነበር።»

ምንም አላስታወስሁም። ይህ ነው እውነቱ። ከፊርማው በታች በደቃቁ አንድ መስመር ነበር፤ ይህንንም አላስታውስም፦ «የብረት ጥርሱ ለገብስ ይከብዳል፤ እንደ ቆዳ ያለ ለስለስ ያለ ነገር ቢሞከር።»

«ቆዳ ሞከርሁ፤ አይጥ በላው» አለ። «ከዚያ ጎማ አሰብሁ። የጎማን ጠባይ ግን አላውቅም። ልማረው ብዬ ጎሚስታ ቤት ተቀጠርሁ። ሥራ አጥቼ የገባሁ መስሎዎት ነበር?»

«ጎማን ለመማር አርባ ሰባት ዓመት?»

«መሐል ላይ ስድስት ልጆች አሉ» አለና ሳቀ። ሚኒባሱ በሳቁ ተነቃነቀ። ሾፌሩ ጮኸ። ቶሎሳ ሳቁን ገትቶ፣ «ዛሬም ያዩትን ይጻፉ። እንዳያዝኑልኝ» አለኝ።

ያየሁትን ጻፍሁ፦ የተሰበረ አራት፤ አጠራጣሪ አንድ። ወደ ስልኩም ዞሬ ለጢቾ ሰዎች ነገርኋቸው፤ የገብስ ፍሬ ደኅንነት በዓይን ካልተለየ በውኃ ይለያል። ፅንሷ የተጎዳባት አትበቅልም። ፍሬዋን አሰላ ወስጄ በእርጥብ ጥጥ ላይ አኖራታለሁ፤ ከበቀለች ማሽኑ አልፏል፤ ከበሰበሰች ወድቋል። ጢቾ ጥቂት አሰበና፣ «እንጠብቃለን» ብሎ ጻፈ። ቶሎሳ ፍሬዋን በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ከዚያው ገብስ ሁለት እፍኝ በላስቲክ አሥሮ፣ «ይቺን ደግሞ ለባለቤትዎ፤ ስለ መነጽሩ ስላሰቡልን» አለ።

ፍሬዋ በመኝታ ቤታችን መስኮት ላይ፣ በሻይ ማስቀመጫ ሳሕን ውስጥ፣ በጥጥ ላይ ተኛች። ሐዊ «የኢተያው ማሽን ዕጣ በአንዲት ፍሬ ላይ ተንጠለጠለ» ብላ ጽፋ አመጣችልኝ፤ «ተንጠለጠለ»ን ሰርዤ «ይወሰናል» አደረግሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። ጋዜጣው ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ድሮን ጽፎ ያላገኘውን አንባቢ ስለ አንዲት ገብስ አገኘ። በየማለዳው ሰው ይጠይቃል፦ በቀለች? አስካለ ስልኩን እያነሣች፣ «ተኝታለች፤ አትቀስቅሷት» ትላለች። በስድስተኛው ቀን አንድ አንባቢ ሞታለች ብሎ አጽናናን። አዲስ የታጨደ ገብስ ደኅና ሆኖም ለሳምንታት ሊተኛ እንደሚችል፣ ያልበቀለ ሁሉ የሞተ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ጻፍሁ። ሐዊ ወደ ሦስት መስመር ቀነሰችው።

ቶሎሳም በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላል። ቤቱን፣ ከብት ስለሌለኝ ድመቷን፣ ጉልበቴን ይጠይቃል። ስለ ፍሬዋ ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ሊዘጋ ሲል ብቻ፣ «ውኃው እንዳይበዛባት» ይላል። ድምፁ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከእኔ ጋር ይውላል። በአሥረኛው ቀን ከድምፁ ላይ ሳቁ ጎደለ፤ ቁራሌው ሁለት ጊዜ መጥቶ ማሽኑን አይቶት እንደ ሄደ ሐዊ ነገረችኝ። ያን ዕለት እራት አልበላሁም። አስካለ ሳሕኔን አነሣች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ይህ በሃምሳ ዓመት ትዳራችን ውስጥ የታወቀ ነገር አይደለም።

በማግስቱ ቅዳሜ ታኅሣሥ 19፣ የገብርኤል ዕለት ነበር። አስካለ ጎሕ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተመልሳለች። ስነቃ መስኮቱ ተከፍቷል፤ በሳሕኑ ውስጥ፣ በጥጡ ላይ፣ አንዲት ነጭ፣ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ሥር ወጥታለች።

«ስለት ተስዬ ነበር» አለች አስካለ፣ ከወጥ ቤት ሆና። «ገብርኤል ሰማኝ።»

መነጽሬን አደረግሁ፤ የራሴን። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፍሬዋ ሙሉ ናት፤ ወዛም ናት። ጫፏ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ የለችም።

በኢተያ ያየኋት ነጥብ እድፍ ከነበረች አሥራ አንድ ቀን ውኃ ሊያጥባት ይችላል። የቶሎሳ መነጽር ጭረትም ሊሆን ይችላል። ቶሎሳ ሁለት እፍኝ ገብስ የላከበት ላስቲክም በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተፈቶ ነበር። አስካለ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ እያጠበች መዝሙር ታንጎራጉራለች። ልጠይቃት አፌን ከፈትሁ። ከባለቤቴ ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ፤ ከመልአክ ጋር ለመከራከር ግን የተማርሁት ትምህርት አይበቃኝም። አፌን ዘጋሁ።

ለሐዊ ደውዬ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጻፍኋት፦ «በሳሕኑ ውስጥ ያለችው ፍሬ በቅላለች።»

«‹አጠራጣሪዋ ፍሬ በቀለች› ብለው አይሻልም፣ ጋሼ?»

«አይሻልም። እንዳልሁሽ ጻፊው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«የኔ ትክክል ነው።»

ጻፈችው። የጢቾ ሰዎች ማክሰኞ መጥተው ማሽኑን ለተረተራቸው ወሰዱት። ቶሎሳ ከጭነቱ በኋላ አሰላ ድረስ መጥቶ፣ ከበሩ ሳያልፍ፣ አዲስ ወረቀት እንድጽፍለት ለመነኝ። «ይሆናል» ብዬ ጻፍሁለት፤ ፈረምሁ። ከአሮጌው ጋር በአንድ ፕላስቲክ ጠቀለለው።

ሳይፈታ የቀረው፦ ታኅሣሥ 8 ቀን በኢተያ የተያዘችው ፍሬና ታኅሣሥ 19 ቀን በአሰላ የበቀለችው ፍሬ አንድ መሆን አለመሆናቸው። አልተጣራም።